ድመት የማትወጣበት መኪና

ዛሬ ጠዋት ልጄ ሥራ ሊሄድ ሲል ከግቢው ተጣራ። «እማ፣ ኧረ ይቺን ድመት አንድ በያት! ቀለሙን ጨረሰችው!» ብቅ ስል የጎረቤት ድመት አባቱ በተወለት መኪና ኮፈን ላይ ተጠቅልላ ተኝታለች። ሞተሩን አስነስቶ እያሞቀ ነበርና መነሣት አላሰኛትም። የደሴ የታኅሣሥ ብርድ መቼስ ለሰውም አይመች።

«ተዋት፤ ድመት ከወጣችበት ሞተርህ ጤነኛ ነው» አልኩት። ከት ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ፤ ይህን የተማርኩት ሪያድ ነው።

ያኔ ልጅ እግር ነበርኩ። ነሲም ሰፈር ሐጃ የምንላቸውን አንዲት አሮጊት እንድንከባከብ ተቀጠርኩ። ባላቸው ሙቀቱ ሊያበቃ ሲል ሞተውባቸው፣ ሐጃ የሐዘናቸውን ጊዜ ቤት ተቀምጠው ሲጨርሱ ብርዱ ገባ። ሪያድ ይበርዳል ስል እዚህ የሚያምነኝ የለም። ይበርዳል! ነፋሱ ደረቅ ነው፤ ካልሲ ደርበውለትም አይመለስ።

ሟች ራሳቸው የሚነዷት አሮጌ ነጭ መኪና ነበረች። ከእሳቸው በኋላ ልጃቸው አቡ ፈህድ ሾፌር ቀጠረላት፤ ሰይድ የሚባል የከሚሴ ልጅ። ሰይድ ከዚያ በፊት በየመን በኩል በእግሩ መጥቶ፣ ተይዞ የተባረረ ሰው ነው። አሁን ግን ኢቃማውን፣ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ኪሱ ይዞ አንገቱን ቀና አድርጎ ይሠራል። እኔ በዚያ ቤት አማርኛ የማወራው ከእሱ ጋር ብቻ ነበር፤ እሱም ጠዋት ቆሻሻ ላወጣ በር ላይ ስወጣ። መኪና ውስጥማ ሐጃና እኔ ከኋላ፣ እሱ ከፊት ሆነን ዝም ነው። ሠራተኛና ሾፌር እመቤት ፊት አያወሩም።

አርብ አርብ ሐጃን ይዘን ዑረይጃ ሴት ልጃቸው ዘንድ እንሄዳለን። ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ነው። እኔ የዝንጅብል ሻይ በፌርሙስ፣ ክሌጃ የሚሉትን ተምር የገባበት ብስኩት በሳህን እይዛለሁ። ሰይድ ሐጃ እንዲሞቃቸው ብሎ የፊቱን መተንፈሻ ዘግቶ የማሞቂያውን አየር ሁሉ ወደ ኋላ ይለቅልናል። የሚመጣው አየር ግን ቀዝቃዛ ነው። እኔም ዝም ብዬ እግራቸውን በብርድ ልብስ እጠቀልላለሁ። ሐጃ አንድም ቀን አላማረሩም።

በዚያው ሰሞን መኪናዋ ቤንዚን በላይ በላዩ ትጠጣ ጀመር። ሰይድ ካንዴላ ቀየረ፣ የአየር ማጣሪያ ቀየረ፣ ጎማ አስነፋ። ጋራዥ ቢወስዳትም ምንም የለባትም አሉት። እንዲያውም የሞተሩ ሙቀት መለኪያ መርፌ ታች መተኛቷን አይተው አደነቁ። ሰው ሁሉ መኪናው እንዳይፈላበት በሚሰጋበት ከተማ ዝቅ ያለች መርፌ ማን ይጠረጥራል?

የተጠረጠረው ሰይድ ነው። አቡ ፈህድ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን በየማታው ቁልፉን መቀበል ጀመረ። አንድ ማታ ሻይ ይዤ ስገባ ሲነጋገሩ ደረስኩ።

«ሰይድ፣ ባጥሐ ገበያ እየሄድክ በክፍያ ሰው እየጫንክ ከሆነ አሁኑኑ ንገረኝ።»

«ወላሂ፣ ከቤቱ ጉዳይ በቀር የትም አልሄድኩም።»

«ኸላስ፣ በቃ። ወሩ ሲያልቅ ኹሩጅ አስመታልሃለሁ።»

ኹሩጅ ማለት ለመጨረሻ ጊዜ ከአገር መውጫ ነው። ያን ሌሊት አለቀስኩ። ለእሱም ነው፣ ለራሴም ነው፤ እሱ ከሄደ በዚያ ቤት ስሜን አስተካክሎ የሚጠራኝ አይኖርም።

በማግስቱ የተረፈ ሩዝና የዶሮ ቆዳ ለሰፈሩ ድመቶች ይዤ ወጣሁ። ሰይድ የአቡ ፈህድን ልጆች ትምህርት ቤት አድርሶ ገና መመለሱ ነው፤ አጥሩ ሥር ኩርምት ብሏል።

«አይዞህ ወንድሜ።»

«ምኑን አይዞህ፣ እህቴ? ሌባ ተብዬ አገሬ ልግባ?»

ላስቀው ፈለግሁ። «እኔ ደግሞ የሚገርመኝ ድመቶቹ ናቸው። ጎረቤትም አንተም አሁን ነው የገባችሁት። የእሱ መኪና ኮፈን ላይ ተደራርበው ተኝተዋል፣ ያንተን ዞር ብለውም አላዩ። ምን አድርገሃቸው ነው?»

አልሳቀም። ተነሥቶ መዳፉን ኮፈኑ ላይ አሳረፈ፤ ለብ ብሎ ቀርቷል። «ማሞቂያውስ? ከኋላ አይሞቃችሁም?»

«የምን ማሞቂያ! የሐጃን እግር የምጠቀልለው ለምን መሰለህ?»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ተነጋግረን እናውቃለን?»

ሞተሩ አይሞቅም ማለት ነው ብሎ ያንን ከፍቶ፣ ይህን ፈትቶ ሲያይ ቴርሞስታቱ የለም። ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃውን አግዶ የሚያቆይ ትንሽ ክዳን ነው አለኝ። እሱ ከሌለ ሞተሩ በብርድ ሲነዳ ቢውልም አሁን እንደተነሣ ሁሉ ቤንዚን ይፈስለታል። በሙቀት ጊዜ ጉድለቱ አይታወቅም። አቡ ፈህድን ጠርቶ ባዶውን ቦታ አሳየው።

«ማን አወጣው?» አለ አቡ ፈህድ።

ሐጃ በሩ ላይ ቆመው ነበር። «አባትህ ነው። መካ ስንሄድ መንገድ ላይ ስትፈላበት ከውስጧ የሆነ ነገር በእጁ አወጣ። ብርዱ ሲገባ እመልሰዋለሁ አለኝ።» ብርዱ ግን ሳያገኛቸው ገባ። አቡ ፈህድ ቀና አላለም።

አዲስ ተገዝቶ ገባላት። አርብ ወደ ዑረይጃ ስንሄድ ገና ግማሽ መንገድ ሳንደርስ እግራችን ሥር ሙቅ አየር መጣ። ሐጃ ብርድ ልብሱን ገፈፉና አጥፈው ጎናቸው አስቀመጡት። በኋላ «እኔ እኮ እሱ ስለሞተ የበረደኝ መስሎኝ ነበር» አሉ። አለቀሱ፤ እኔም አብሬ አለቀስኩ። ማታ ሰይድ እንደ ልማዱ ቁልፉን ሲዘረጋ አቡ ፈህድ መዳፉን መልሶ አስጨበጠው። «አንተ ጋ ይደር» አለው።

ልጄ አሁንም ይስቃል። አባቱ ከሞተ ይህ ሁለተኛው ታኅሣሥ ነው። መኝታ ቤቴ ከዚያ ወዲህ እንደቀዘቀዘ ቀርቷል። ለማንም አልተናገርኩም፤ ምኑ ይነገራል፣ ሐዘን ነው ብዬ።

«ስማ» አልኩት፣ «መኝታ ቤቴ ይበርደኛል።»

ሳቁን አቆመ። «ከመቼ ጀምሮ?»

መልሴን ሳይጠብቅ ሞተሩን አጠፋና መስኮቱን ሊያይ ገባ። ድመቷ ከተኛችበት አልተነሣችም።