የግጥሙ የመጨረሻ ስንኝ

ክፍሉ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት እግር ነው። ሃያ ስድስት ሰው ጎን ለጎን ተጋድሟል፤ መርገጫ የለም። በሩ ጥግ የነበሩ ሽማግሌ ያበጠ እግራቸውን እንደምንም ሰብስበው፣ “ና ልጄ፣ ዓሣም ቅርጫት ውስጥ ይጠጋጋል” አሉኝ።

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። ተፈላጊ ሰው በታንኳ አሻግረዋል ተብለው ውስጥ እግራቸውን ተገርፈዋል። ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ቆጠራው በቁጥር ስለነበር ዘበኞቹም “ዓሣ አጥማጁ” ከማለት አያልፉም።

የእስረኛ አያያዝ የሚመረምሩ የውጭ ሰዎች ሊመጡ ነው የሚል ወሬ ገባ። ከሌላ እስር ቤት የተዛወረ አስተማሪ አሠራራቸውን ነገረን። እስረኛውን ያለ ዘበኛ ለብቻው ያነጋግራሉ፤ ስም ይመዘግባሉ፤ ከወራት በኋላ ተመልሰው በዚያው ስም “የት አለ?” ይላሉ። የተመዘገበን ሰው ማጥፋት ይከብዳል። ወረቀት ስላልነበረን ስሞቹን በግጥም ቋጥሬ በቃሌ ያዝኩ። የመጨረሻው ስንኝ የጋሼ ነበር።

በመጡበት ቀን ጠዋት ሁለት ዘበኞች ጋሼን ደግፈው አወጧቸው። በሩ ላይ ዞር አሉ።

“እንዳትረሳኝ።”

“መጨረሻው ላይ አሉ፣ ጋሼ።”

መርማሪዋ የራሷን አስተርጓሚ ይዛ መጥታለች። ግጥሙን ቀስ ብዬ አወረድኩላት፤ ጻፈች። ጠዋት ስለተወሰዱት ሽማግሌም ነገርኳት።

“ስማቸው?”

“ጋሼ።”

“እሱ መጠሪያ ነው። ስማቸው ከነአባታቸው?”

አራት ወር ጎናቸው ተኝቻለሁ። ታላቅን ሰው “ስምዎ ማነው?” ማለት ድፍረት መስሎኝ አንድም ቀን አልጠየቅኩም። ከእኔ በኋላ መርማሪዋ ጋ የገቡትም ሁሉ “ጋሼ” ብለው ወጡ።

መርማሪዎቹ ከወራት በኋላ ተመልሰው ሃያ ስድስታችንንም በየስማችን ጠሩን። ሁላችንም ነበርን። ስለ ዓሣ አጥማጁ ሲጠይቁ፣ አዛዡ “የትኛው? ሐዋሳ ዓሣ አጥማጅ ሞልቷል” አለ።

በዚያ ጥበት የጋሼን ቦታ አልተካፈልነውም። አዲስ ሰው ሲመጣ እየተጣበቅን ከራሳችን እንሰጠው ነበር እንጂ፣ የበሩ ጥግ እስክንፈታ ባዶውን ቆየ።

ዛሬም አሞራ ገደል እወርዳለሁ። መረብ የሚጠግኑ ሽማግሌዎችን ከሰላምታ በፊት ስማቸውን እስከ አያታቸው እጠይቃለሁ። አንዳንዶቹ ባለጌ ይሉኛል። ይበሉኝ።