አባባ የማይሸኙት ሰው

አያቴ ሱሉልታ ቤታቸው የመጣን እንግዳ ሁሉ ከዘራቸውን ይዘው እስከ አስፋልቱ ይሸኙ ነበር። እኔን ግን አንድም ቀን ሸኝተውኝ አያውቁም። ኖርዌይ ስሄድ እንኳ በረንዳው ላይ ካለችው በርጩማቸው አልተነሡም። «የሚሸኘው እንግዳ ነው፤ የቤት ልጅ ይወጣል፣ ይገባል» አሉኝ።

ዓምና የኖርዌይን ዜግነት ልወስድ አስቤ ደውዬ አማከርኳቸው።

«ሁለቱንም መያዝ አይቻልም?»

«የእኛ ሕግ አይፈቅድም፣ አባባ። ያኛውን ከወሰድኩ የኢትዮጵያው ይቀራል። ከዚያ በኋላ የምመጣው እንደ ውጭ ሰው፣ በቪዛ ነው።»

«እንግዲያው ስትመጣ እሸኝሃለሁ፣ ልጄ» አሉ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረውም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ቅጹን ሳልሞላ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ለቀብራቸው የመጣሁት በዚያው በአሮጌው ፓስፖርቴ ነው። ከሰልስቱ በኋላ ሻንጣዬን ይዤ ስወጣ በርጩማዋ ባዶዋን በረንዳው ላይ ነበረች። ጎረቤታችን ኦቦ ደበላ ሻንጣውን ተቀበሉኝ። ዘመድ ጎረቤቱ ተከትሎ እስከ አስፋልቱ ሸኘኝ።

የሚሸኘኝ ሰው ሞልቷል። ከመቀመጫው ሳይነሣ የሚቀርልኝ ግን ከእንግዲህ የለኝም።