አማት የተቀመጠበት ሜዳ

ጣልያን ከመቀሌ ከወጣ በኋላ ጥቂት ጎረምሶች ተሰባስበን የኳስ ቡድን አቋቋምን። አሰልጣኙ እኔ ሆንኩ። ለሹመቱ ያበቃኝ ዕውቀት፣ አሥመራ ጋራዥ ስሠራ በአጥር ቀዳዳ ጨዋታ ማየቴ ብቻ ነው። እግሬማ አይነሳ! ኳስ ስመታ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ፊት የሚሄደው ጫማዬ ነበር።

ከልጆቹ አንዱ ከወሎ የመጣ፣ ጨው መጋዘን ውስጥ አሞሌ የሚሸከም ጎበዝ ነበር። መሐል ሜዳ አቆምኩት። ሥራው ሲያወሩት ቀላል ነው፤ ከተከላካዮቹ ኳስ ይቀበላል፣ ይዞራል፣ ወደ ፊት ያቀብላል። ኳሱ ሳይደርሰው በትከሻው ላይ አሻግሮ እንዲያይ፣ በእግሩ አብርዶ ከኳሱ ጋር አብሮ እንዲዞር አሳየሁት። ሳሳየው ወደቅሁ። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ፤ እሱ ግን ገባው። ብዙም ሳይቆይ እንደ እንዝርት ይሽከረከር ጀመር።

ጭንቁ የመጣው ከጋብቻው ጋር ነው። ልጁ የአንድ ወሎዬ ጨርቅ ነጋዴ ሴት ልጅ ፈልጎ ሽማግሌ ቢልክ፣ ሰውዬው "ልጄን ኳስ ለሚያባርር ሥራ ፈት አልሰጥም" ብለው መለሱ። እኔ አፌ መቼ ያርፋል! ሱቃቸው ድረስ ሄጄ፣ "መጥተው በዓይንዎ ይዩት" አልኳቸው።

"እሑድ አየዋለሁ። ካልወደድኩት ግን ሁለተኛ ሽማግሌ የሚባል ደጄን እንዳይረግጥ!"

እሑድ ዓዲ ሓቂ ሰፈር አጠገብ ካለው ሜዳ መጡ፤ ከኛ ግብ ኋላ ሾላ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ጨዋታው ተጀመረ። ልጁ ኳስ ተቀበለ፤ ለሰጠው መለሰ። ደግሞ ተቀበለ፤ ደግሞ መለሰ። ሲራመድም እንደ ደነበረች በቅሎ በጎን በጎኑ ነው። ግብ ገባብን። በኔ ምላስ ሰበብ የሰው ትዳር ሊፈርስ ነው።

ዕረፍት ላይ ክንዱን ያዝኩት።

"ምን ነካህ? መዞሩን ረሳኸው?"

"አልረሳሁም ጋሼ።"

"ታዲያ?"

ወደ ሾላው ሰረቅ አድርጎ አየ። "ብዞር ጀርባዬን ለአማቴ መስጠቴ አይደል? እኔን እኮ ጨዋ ሰው ነው ያሳደገኝ!"

ሮጬ ሰውዬው ዘንድ ሄድኩና፣ ከወዲያኛው ግብ ኋላ ሆነው ቢያዩ እንደሚሻል ለመንኳቸው።

"ፀሐዩ ላይ? ልትጠብሰኝ ነው?"

"ከዚያ በደንብ ይታያል አባባ።"

እያጉረመረሙ ተነሡ። ሜዳውን አቋርጠን ሄድን፤ ድንጋይ ላይ ነጠላዬን አንጥፌ አስቀመጥኳቸው። ላቤን ስጠርግ ፊሽካው ተነፋ። ያኔ ነው ጉዴን ያየሁት፤ ከዕረፍት በኋላ ቡድኖቹ ጎን ይቀያየራሉ! ሰውዬው አሁንም ከኛው ግብ ኋላ ናቸው፤ ያውም ያለ ጥላ። ይህን የረሳሁት የቡድኑ አሰልጣኝ እኔ ነኝ።

እንደገና ይነሡ ማለት ሞት ነው። አጠገባቸው ደርቄ ቆምኩ። ኳሱ ወደ ልጁ ሄደ። ልጁ ኳሱን አየ፤ እሳቸውን አየ። በድንገት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ዝቅ አለና፣

"ይቅር ይበሉኝ አባባ!" ብሎ ጮኸ።

ዞረ። ወደ ፊት የላካት ኳስ ለአጥቂያችን ደረሰች፤ ግብ ሆነች። ሰው ሁሉ ሲጨፍር እሳቸው ግን ዓይናቸው ከልጁ ጀርባ አልተነቀለም። አለቀልን አልኩ።

"ያ ምንድን ነው?" አሉ በመጨረሻ። በልጁ ካናቴራ ጠርዝ በኩል ጨው የላጠው ትከሻው ይታያል።

"አሞሌ ነው የላጠው፤ ሸክም" አልኩ።

"ወላሂ፣ ሥራ ፈት እንዲህ ያለ ጀርባ የለውም። ሽማግሌዎቹን ላክ።"

ልሄድ ስል ግን ጠሩኝ።

"አንተስ? እስቲ ያንተን ጀርባ ልየው!"

እኔ ምን ሸክም አውቃለሁ! ፊቴን ወደሳቸው አድርጌ፣ እጅ እየነሣሁ፣ የኋሊት ተራምጄ ከሜዳው ወጣሁ። አክብሮት መስሏቸው ይሆናል።