ለተቀበረ በሬ ገብስ የሚሰጥ የለም

ገበሬው በሽታውን አያውቅም ይባላል። ያውቃል። ከከብት ወደ ሰው ለሚተላለፈው ለዚህ ገዳይ በሽታ አባ ሰንጋ ብሎ ስም ያወጣለት እሱ ነው። የማናውቀው በአዳራሽ ተቀምጠን ስለ መርዝ የተማርነው ነን።

ዓለም ከተማ ላይ ነው፤ የኬሚካል፣ የባዮሎጂ፣ የጨረርና የኑክሌር አደጋ መከላከያ ሥልጠና ተብሎ ተጠራን። አሠልጣኙ ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ቢጫ ፕላስቲክ ለብሶ ታየን። ጠላት በሽታን እንደ ዱቄት ሊበትን ይችላል አለ፤ የመጀመሪያው ምሳሌው ራሱ አባ ሰንጋ ነበር። እጄን አውጥቼ፣ "በጠላት ሳይሆን በበሬ ቢመጣስ?" አልሁት።

"እሱ የግብርና ጉዳይ ነው" አለ። አዳራሹ ሳቀብኝ።

በዚያው ሰሞን አጎቴን ልጠይቅ ወደ ገጠር፣ ወደ ቀየት ወጣሁ። ወቅቱ ፍስክ ነበር። ጠዋት አንዱ በሬያቸው እየተንቀጠቀጠ ደጅ ላይ ወደቀ። ጎረቤቱ ሁሉ "ቢላ! ቢላ! ሳይሞት!" እያለ ግር ብሎ መጣ። የሞተ በክት ነው፣ አይበላም፤ ነፍሱ ሳትወጣ ከተባረከ ግን ሥጋ ነው። ሥጋውን ጎረቤት በቅርጫ ይካፈለዋል፤ ዋጋውን አዝመራ ሲገባ በገብስ ይከፍላል፤ ባለበሬውም ሌላ በሬ ይተካል። ከዚህ የተሻለ መድን አላየሁም። በሽታን ከቤት ቤት ለማዳረስም ከዚህ የፈጠነ መንገድ አላየሁም።

"ጋሼ፣ አይንኩት! አባ ሰንጋ ነው። እንዲሁ ይቀበር" አልኋቸው።

"ይቀበር? ፍትሐትም ይደረግለት?" አሉ አጎቴ። ሰው ሳቀ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ምንነቱ የጠፋኝ መሰለህ? ቀብሬው በምን ልረስ? መጽሐፍህን ልጥመድ?" አሉና በስመ አብ ብለው አረዱት። ደሙ ጥቁር ነበር፤ አልረጋም።

ያስጠራሁት የከብት ሐኪም ሲደርስ ሥጋው ቅጠል ላይ ተደርድሮ ነበር። ቢጫ ልብሱ ይቅር፣ ጓንት እንኳ አልነበረውም፤ ክትባቱም ዘንድሮ አልመጣለትም። ጮኸ፣ ለመነ፣ በመጨረሻ ሁሉም ተስማማና ሥጋው ከነቆዳው ጥልቅ ጉድጓድ ገባ። ማንም አልቀመሰም።

ማንም ስላልቀመሰም ማንም ገብስ አልሰጠም። ደንቡ እንዲያ ነው፤ ሥጋ ያልወሰደ አይከፍልም።

ከቀናት በኋላ አጎቴ ቀኝ እጅ ላይ የማያም ቁስል ወጣ፤ መሀሉ እንደ ከሰል ጠቆረ፤ ክንዳቸው አበጠ። ጤና ጣቢያ ያገኙት መድኃኒት ነፍሳቸውን አተረፈ። ጣቶቻቸው ግን እርፍ አይጨብጡም፤ የቀረው በሬም ያለ አጣማጅ ቆሟል። ያ ሁሉ አዳራሽ ስለ ጠላት ሲጨነቅ፣ ለባለበሬው ቢላውን የሚያስቀምጥበትን ምክንያት የሰጠው የለም።

ስለዚህ አንተ አንባቢ፣ ገበሬውን አታስተምረው፣ አትምከረውም። ጎረቤትህ የታመመ በሬውን ሳያርድ ከቀበረ፣ ሥጋውን እንደበላህ ቆጥረህ የቅርጫህን ገብስ ስጠው።