ብርድ ልብስ ስር የተደበቀው ራውተር

የሥራ ባልደረቦቿ «ዘበኛዋ» ይሏታል። የደንብ ልብስ በሚሰፋበት አዳራሽ፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ ከመስኮቱ ሦስተኛው የስፌት መኪና የእሷ ነው። የክር መሳቢያዋ ሁልጊዜ ገርበብ ያለ ነው። እዚያ ውስጥ ስልኳ አለ፤ ስልኩ ውስጥ ደግሞ አባቷ አሉ፤ ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ካላቸው ሁለት ዓመት የሆናቸው፣ አልጋ ላይ የሚውሉ አባት። ኮሌታ ትሰፋለች፣ መሳቢያውን ታያለች፤ እጅጌ ትገጥማለች፣ መሳቢያውን ታያለች።

«ዘበኛዋ፣ እስረኛሽ አመለጠ ወይ?»

«በምን እግሩ!» ትላለች። ትስቃለችም፤ ግን ከአንገት በላይ ነው።

የምትፈራው አንድ ነገር ነው፦ እሷ ሳታይ እንዳይወድቁ። ሰውዬው መራመድ እንደማይችሉ ይረሱና ብድግ ሊሉ ይሞክራሉ። ሲሞክሩ ክፍላቸው ውስጥ በሰቀለችው ካሜራ ስልኳ ላይ ካየች ለጎረቤቷ ለእትዬ ትደውላለች። ሁለተኛው የቤቷ ቁልፍ እትዬ ጋ ነው፤ ደረጃውን ወርደው እስኪገቡ ሁለት ደቂቃ ይፈጅባቸዋል። አቅሟ የፈቀደው ጥበቃ ይኸው ነው። ሥራዋን ትታ ቤት ብትውል ማን ያበላቸዋል?

የኢንተርኔት ኩባንያው የሰጣት ሳጥን ሳሎን ነው ያለው፤ የአባቷ ክፍል ግን ከሁለት ወፍራም ግድግዳ ወዲያ ነው። ሲግናሉ እዚያ አይደርስም። የእህቷ ባል መጥቶ አየና፣ «ይሄ ሳጥን ለሳሎን ጌጥ ነው። የራስሽን ራውተር ግዢ፣ በገመድ ከሳጥኑ ጋር አገናኚውና አባባ ክፍል አስቀምጪው» አላት። ገዛች፤ ሰካች። ምስሉ ጥርት ብሎ መጣ፤ የብርድ ልብሱ ጥለት ሳይቀር ይቆጠር ጀመር።

ሦስት ሳምንት ተመስገን አለች። ከዚያ መስመሩ ይቆራረጥ ጀመር። ኩባንያው ጋ ደወለች። ያነሳችው ልጅ ገና ከመጀመሪያው፣ «የኩባንያው ያልሆነ ዕቃ አስገብተዋል?» አለቻት።

«ኧረ የለም!»

«ጥሩ። ከተገኘ መስመርዎ ሊቋረጥ ይችላል።»

ፍርሃት በዚህች አረፍተ ነገር ቤቷ ገባ። ከኩባንያው ጋር የፈረመችውን ውል እኔ ቁጭ ብዬ አንብቤዋለሁ። ስድስተኛው ገጽ ላይ፣ ጉንዳን በምታክል ፊደል፣ በሌላ ዕቃ ለሚመጣ ችግር ኩባንያው ኃላፊ አይደለም ይላል። በቃ! መስመር እንቆርጣለን የሚል ቃል በጠቅላላው የለም። ግን ማን ያነባል? እንዳይነበብ አይደል እንዴ ያሳነሱት! ስልክ የምታነሳውም ልጅ ያስጠኗትን ነው ያለችው። እሷ ዘግታ ሻይዋን ትጠጣለች፤ እዚህ ማዶ አንዲት ሴት እንቅልፍ አጥታ ታድራለች።

ኩባንያው የሚልከው ቴክኒሻን በሚመጣበት ቀን ራውተሩን ነቀለችው። የት ታድርገው? ቁም ሳጥን ውስጥ? ቢከፍተውስ? አባቷ በደህናው እጃቸው ብርድ ልብሱን ገለጡላት።

«ወዲህ በይው። ሽማግሌን ማን ይፈትሻል?»

ራውተሩ ገና ትኩስ ነበር። «በስተርጅና እንቁላል ታቀፍኩ!» አሉ፣ ምላሳቸው እየተሳሰረ።

ቴክኒሻኑ ሳሎን ያለውን ሳጥን መረመረ፤ ለብቻው ሲሆን ምን ጎድሎት! «ጉድለት አልተገኘም» ብሎ ጽፎ ሄደ። መልሳ ሰካችው፤ በማግስቱ ተቆራረጠ። ሌላ ጊዜ ጠራችው፤ አሁንም ደበቀችው፤ አሁንም «ጉድለት አልተገኘም»። ሐኪም ጠርቶ በሽታን መደበቅ ማለት ይሄ ነው። ሞኝነት ነው የሚላት ካለ ግን አፉን ይያዝ፤ ፈሪ ያደረጋት ማን እንደሆነ ተናግሬያለሁ።

አንድ ማክሰኞ አባቷ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ተኝተው አየቻቸው። ዛሬስ ሰላም ናቸው ብላ ሃያ ሁለት ኮሌታ ሰፋች። ለካስ ምስሉ ቆሞ ቀርቷል! ታይ የነበረው ከአርባ ደቂቃ በፊት የነበሩትን አባቷን ነው። ሰውዬው ወለል ላይ ነበሩ። እትዬ የሚወድቅ ነገር ድምፅ ሰምተው ባይገቡ ኖሮ... ቅንድባቸው ተሰንጥቆ፣ ትራሳቸውን እንደያዙ አገኟቸው።

በማግስቱ ቀይ የሰከንድ ዘንግ ያለው የግድግዳ ሰዓት ገዝታ ከራስጌያቸው በላይ ሰቀለች። ዘንጉ ከዞረ ምስሉ ሕያው ነው፤ ከቆመ መስመሩ ሞቷል። ከዚያን ቀን ጀምሮ መሳቢያውን ስትከፍት ዓይኗ የሚሄደው ወደ ዘንጉ ሆነ።

ቴክኒሻኑ ለሦስተኛ ጊዜ መጣ። መርምሮ ሲያበቃ ወረቀቱን አወጣ። «እህቴ፣ አሁንም ጉድለት የለውም። ሦስተኛ ጊዜ ነው፤ አቤቱታሽ ይዘጋል።»

ብትናገር ይቆርጡታል፤ ዝም ብትል ይዘጉታል። ይሄኔ ከውስጠኛው ክፍል፣ «አንተ ልጅ!» የሚል ድምፅ መጣ። አባቷ ብርድ ልብሱን ገልጠው፣ ራውተሩን ከነገመዱ ሆዳቸው ላይ አስቀምጠው ጠበቁት።

«አልፈለፈል ብሎኛል። እስቲ እየው።»

«ወንድሜ፣ በፈጠረህ፣ እንዳትቆርጥብኝ!» ብላ በሩ ላይ ቆመች።

ቴክኒሻኑ ራውተሩን አገላብጦ አየው። «ይሄንን ነው ሁለት ወር ሙሉ የደበቅሽኝ? እኔም ቤቴ አለኝ እኮ!»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አስረዳት። ኩባንያው ከማዶ ሆኖ ሳጥኑን ሲያድሰው የኔትወርክ አድራሻ ቁጥሩን ቀይሮታል፤ አዲሱ ቁጥር ከእሷ ራውተር ቁጥር ጋር አንድ ሆኗል። «አንድ ቤት ሁለት አከራይ ማለት ነው። ሁለቱም ያችኑ ክፍል ያከራያሉ፤ ተከራዮቹ በር ላይ ይጣላሉ።» የኩባንያው ሳጥን መስመሩን ብቻ እንዲያሳልፍ፣ ሌላውን ሥራ ራውተሩ እንዲሠራ አደረገው። አሥር ደቂቃ! ሁለት ወር ፍርሃት፣ አንድ የተሰነጠቀ ቅንድብ፣ መድኃኒቱ አሥር ደቂቃ!

ወረቀቱ ላይ ግን «ገመድ ተቀይሯል» ብሎ ጻፈ።

«ምነው እውነቱን ብትጽፈው?»

«ማን ንካ አለህ ይሉኛላ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ እንደገና ሲያድሱት ይሄንንም ሊያጠፉት ይችላሉ። ያን ጊዜ ለእኔ ደውዪ፤ ቢሮ አትደውዪ።» እሱም ፈሪ፣ እሷም ፈሪ፤ የማይፈራው ሳጥኑ ብቻ!

ወር ሙሉ ምስሉ አልቆመም። እሷ ግን «ሊያጠፉት ይችላሉ» ያላትን ይዛ ዘንጉን መጠበቋን አልተወችም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እጅጌ ስትገጥም፣ መሳቢያው ውስጥ ቀዩ ዘንግ ቀጥ ብሎ ቆመ። እትዬ ጋ ደወለች፤ አይነሳም። ሌላ ጊዜ ደወለች፤ አይነሳም። መኪናውን እንኳ ሳታጠፋ ወጣች።

«ዘበኛዋ!» ብለው ከኋላዋ ተጣሩ። አሁን የሚስቅ አልነበረም።

ሮጣ፣ ታክሲ ይዛ፣ ደግሞ ሮጣ፣ ቁልፉ እጇ ላይ እየተንሸራተተ በሩን ከፈተች።

አባቷ አልጋቸው ላይ ናቸው። ተደግፈው ካሜራውን ያያሉ። ከራስጌያቸው ያለው ሰዓት ቆሟል፤ ባትሪው አልቋል።

«ምነው ልጄ? ምን ሆንሽ?»

ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«ደህና መሆኔን እንድታዪ እኮ» አሉ፣ ደህናው እጃቸው ገና ከፍ እንዳለ፣ «ከምሳ ጀምሮ እጄን ሳወዛውዝልሽ ነው የዋልኩት። አላየሽኝም?»

«ሰዓቱን ነበር የማየው፣ አባባ።»