ልጄን እንዳትነኪያት

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት አልፎ ነው። ሞላሌ አጠገብ ባለው ቀበሌያችን፣ ሴቶች ተደራጅተው የሸክላ ምድጃ ይሥሩ፣ ገበያ አውጥተውም ይሽጡ የሚል ፕሮጀክት መጣ። እኔ ያልጠረጠረ ተመነጠረ እየተባልኩ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ማኅበር ሲባል መጀመሪያ የማስበው ምን ሊወስዱብን ነው ብዬ ነው። የፕሮጀክቱ ሰዎች ግን ምንም አልወሰዱም። ይባስ ብለው አስተማሪ አመጡልን፤ አስተማሪዋ ደግሞ ከወንዙ ማዶ ያለችው ሸክላ ሠሪ ሆና ቁጭ!

ያገራችን ሰው የሸክላ ሠሪ ዓይን ይበላል ይላል። እኔም እል ነበር፣ ምን እደብቃለሁ። እሷ በሠራችው ድስት ወጤን እየሠራሁ፣ እሷን ግን ደጃፌ አላስጠጋም።

ልጄ ያኔ ገና ድክ ድክ ማለት ጀምራለች። ከእሷ በፊት ሁለት ቀብሬያለሁ። ሁለቱን ማን በላቸው ቢሉኝ ጣቴን ወዴት እንደምቀስር መቼም አይጠፋችሁም። ስለዚህ ይቺን፣ ደብተራ የጻፈላትን ክታብ አንገቷ ላይ አስሬ፣ ፊቷን በነጠላዬ ሸፍኜ ነበር ይዣት የምሄደው።

የመጀመሪያው ቀን ሸክላ ሠሪዋን በሰው ፊት፣ “ልጄን እንዳታዪያት፣ እንዳትነኪያት” አልኳት። ሌሎቹ ሴቶች አቀረቀሩ፤ አንዷም ተይ ያለችኝ የለም። እሷ እሺ ብላ ጭቃዋን ማሸት ቀጠለች። ከዚያ ወዲያ ልጄ ወዳለችበት ዞራም አታይ። ይሄ ደግሞ ሌላ ጥርጣሬ ሆነብኝ። ንጹሕ ከሆነች ምን ያሸሻታል? አልኩ። ብታያትማ ለምን አየቻት ማለቴ አይቀርም ነበር።

የእሷ ምድጃ አንድም አይሰነጠቅ፤ የእኔ አንድም አይተርፍ። ጭቃው ላይ የምታነበንበው ነገር አለ ብዬ ደመደምኩ። ስንት እፍኝ አሸዋ እንደሚቀላቀል ነግራን ነበር እኮ። እኔ ግን ልታበላሽብኝ ነው እያልኩ ከነገረችን አሳንሼ ነበር የምጨምረው።

ምድጃዎቹን በኩበት ያቃጠልን ቀን፣ ልጄን ጥላ ሥር አስተኝቼ ከቤቱ ጀርባ ኩበት እሰበስባለሁ። ሌሎቹ ውሃ ወርደዋል፤ እሳቱ ዘንድ ያለችው ሸክላ ሠሪዋ ብቻ ናት። “አንቺ፣ ነይ!” ብላ ተጣራች። ኩበት አቀብዪኝ ልትል ነው፣ ለእሷማ አልታዘዝም ብዬ ዝም አልኩ። ደግማ ጠራችኝ። አሁንም ሰምቼ ዝም።

ሦስተኛው የልጄ ጩኸት ነበር። ሮጬ ስደርስ፣ ልጄ ከእሳት የወጣ ምድጃ ጠርዝ በቀኝ እጇ ጨብጣለች። ሸክላ ሠሪዋ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ሁለት እጇን ወደ ላይ አንሥታ ቆማለች፤ እንባዋ ይወርዳል። ልጄን መንጭቄ አቀፍኳትና ቆመሽ እያየሽ እንዴት አልያዝሻትም ብዬ ጮኽኩባት።

“ብይዛትና ማታ ቢያተኩሳት፣ ማን በላት ትዪ ነበር?” አለችኝ።

እግዜር ያሳያችሁ፣ አፈርኩ።

ልጄ ዛሬ ትልቅ ሴት ናት፤ የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች ግን አይዘረጉም። ሰው ምን ሆና ነው ሲለኝ እሳት ነው እላለሁ። እሷ ራሷ የጠየቀችኝ ዕለት ግን፣ ሁለት ጊዜ ተጠርቼ እንዳልመጣሁ ነገርኳት።