በቤተ መንግሥቱ ደጃፍ የቀረው የሙሽራ ጫማ

ያን የሙሽራ ጫማ ሳስበው እስከ ዛሬ ላብ ያጠምቀኛል። በደርግ ጊዜ አሰበ ተፈሪ ግብርና ጽሕፈት ቤት ስሠራ፣ መስኖ እንድንማር ከአንድ ሽማግሌ ባልደረባዬ ጋር ስፔን ተላክን። ጋሼ ነበር የምላቸው። የራሳቸው ጫማ ለፈረንጅ አገር ስለማይሆን፣ ልጃቸው ለኒካው ያዘጋጀውን፣ በኮንትሮባንድ ድሬዳዋ የገባ ጥቁር ጫማ ለምነው ተዋሱ። ኒካው የሚታሰረው እኛ እንደተመለስን ነው። ልጁም «አባ፣ ጫማው ከጠፋ ሠርጉም ቀረ» ብሏቸዋል።

እሑድ ዕለት የጥንት ሙስሊም ነገሥታት ያሠሩትን ቤተ መንግሥት ልናይ ሄድን። ጋሼ ደጃፉ ላይ የተቀረጸውን ዐረብኛ አንጋጠው አነበቡና ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ያወልቁ ጀመር።

«ጋሼ፣ መስጊድ እኮ አይደለም!»

«የአላህ ስም ተጽፏል እኮ፣ አቦ! ያንተስ ቤት በጫማ ገብቼ አውቃለሁ?»

እውነታቸውን ነው። እኛ አገር ምንጣፍ ረግጦ በጫማ የሚገባ ባለጌ ነው። ጫማውን ከግድግዳው ሥር አስተካክለው አስቀመጡና ገቡ። እኔም የማላውቃቸው መስዬ በጫማዬ ተከተልኳቸው።

ውስጡ ውሃ በውሃ ነው። ጋሼ በካልሲያቸው ከገንዳ ገንዳ እየዞሩ፣ «ይሄን ውሃ ለደረቁ ሚኤሶአችን ቢሰጡት ምን ነበረበት!» እያሉ ይቆጫሉ። አንዲት ፈረንጅ በካልሲያቸው ቀዳዳ ብቅ ያለውን አውራ ጣታቸውን ፎቶ አነሳች።

የአትክልት ቦታውን አይተን ስንወጣ ግን ራሳችንን በሌላ በር፣ ቤተ መንግሥቱ ካለበት ኮረብታ ሥር አገኘነው። መግቢያና መውጫው ለየቅል መሆኑን ማን ነግሮን! ጋሼ ክው አሉ። «ጉዴ ፈላ! ልጄን ምን እለዋለሁ?» ብለው በዚያ ጠጠር ላይ ሽቅብ ሮጡ። እኔ በጫማዬ አልደረስኩባቸውም። አንጀቴን በሉት፤ ሳቄም አላስችል አለኝ።

ደጃፉ ላይ አንድ ዘበኛ እየጮኸ እጁን ያወናጭፋል። የሙሽራው ጫማ እንዳለ አለ። ከጎኑ ግን ባለ ታኮው፣ ሰንደሉ፣ የሕፃን ሸራ ጫማው እስከ ደረጃው ድረስ ተደርድሯል። ለካ ከኋላችን የመጣው ፈረንጅ ሁሉ ደንብ መስሎት እያወለቀ ገብቷል!

እኔ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ጋሼ አልሳቁም። የልጃቸውን ጫማ አቅፈው ድርድሩን ሲያዩ ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«እዚህ ቤት ጫማ ከወለቀ ስንት ዘመኑ ይሆን?» አሉኝ።

ከዚያ ወደ ዘበኛው ዞረው በአማርኛ፣ «አብሽር አቦ፣ እንግዶቹ እስኪወጡ እኔ እጠብቅላቸዋለሁ» አሉትና ከጫማዎቹ አጠገብ ተቀመጡ። እንግዶቹ የሚወጡት በሌላው በር መሆኑን ረስተውታል። ላስታውሳቸው አልጨከንኩም።